ጂም፣ ሩጫ፣ ዎክ፣ ቤት ወይስ ቡድን? ከሦስት ወር በኋላም የማይቋረጠውን ስፖርት ለመምረጥ

ስፖርት መጀመር የሚያቅተው ሰው ጥቂት ነው። መስከረም ሲጠባ ጂም የሚመዘገበው፣ ሐኪም ስለ ስኳሩ ባስጠነቀቀው ማግስት ስኒከር የሚገዛው፣ ሠርግ ሲቃረብ ገመድ መዝለል የሚጀምረው ብዙ ነው። በታኅሣሥ ስንቱ ይቀራል? የሚል ጥያቄ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚከብደው።

አማራጮቹን የምናወዳድርበት መንገድም ለዚህ አስተዋጽኦ አለው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው የትኛው ቶሎ እንደሚያከሳ ወይም የትኛው ጡንቻ እንደሚያወጣ ነው። ሁሉም ነገር በተመቸበት ሳምንት ግን የትኛውም ስፖርት ይሠራል። ሊወዳደር የሚገባው መጥፎው ሳምንት ነው፤ ዝናብ ሳያባራ የሚውልበት፣ ታክሲ የሚጠፋበት፣ ልጅ የሚታመምበት፣ ሪፖርት የሚደርስበት። በዚያ ሳምንት ቢያንስ በግማሹ የሚተርፈው አማራጭ ሌላውን ሁሉ ይበልጣል።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። በዚያ ላይ ቢያንስ 2 ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያሠራ ልምምድ ይጨምራል። መካከለኛ የሚባለው እያወሩ መቀጠል የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። የጡንቻው ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከታች ያሉት አምስት አማራጮች በሰፊው የሚለያዩት ግን እዚያ ላይ ነው።

መለኪያዎቹ

*ከበር እስከ በር የሚፈጀው ጊዜ።* ጂም ውስጥ 50 ደቂቃ ለመሥራት ልብስ ማዘጋጀቱ፣ ታክሲ መጠበቁ፣ መቀየሩ፣ የሻወር ተራውና መመለሱ ሲደመር 2 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከቤት ወይም ከቢሮ ከወጡበት ደቂቃ ጀምሮ ለቀጣዩ ጉዳይዎ ዝግጁ እስከሚሆኑበት ድረስ ይቁጠሩ። በሥራ ቀን ከ90 ደቂቃ በላይ የሚወስድን ነገር በሳምንት 3 ቀን አደርጋለሁ ብለው አያቅዱ፤ ለቅዳሜና ለእሑድ ይተዉት።

*ለአንድ ቀን የሚወጣው ገንዘብ።* ወርሃዊ ክፍያ ብቻውን ምንም አይናገርም። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢኮኖሚክስ ጥናት በአሜሪካ የሦስት ጂሞችን መዝገብ መርምሮ ነበር። ከ70 ዶላር በላይ ወርሃዊ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ስለሚሄዱ፣ በ10 ዶላር ሊገቡበት ለሚችሉት አንድ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ይከፍሉ ነበር። ሰው ሲመዘገብ የሚያስበው ስለሚሄድበት ቀን እንጂ ስለሚቀርበት አይደለም። ወደ ብር እናምጣው፦ ወርሃዊው 3,000 ቢሆን፣ 12 ቀን ለሚሄድ ሰው የቀኑ ዋጋ 250 ብር ነው፤ 4 ቀን ለሚሄድ 750። የታክሲውን ይጨምሩበት።

*የሚያቋርጠው ነገር።* እያንዳንዱ አማራጭ የራሱ ጠላት አለው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናብ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። «ክረምቱ ይውጣ»፣ «ፋሲካ ይለፍ» የሚል ሰው ከዓመቱ ሲሶ በላይ የሚሆነውን ገና ሳይጀምር ሰጥቷል። ስለዚህ እነዚህን ወራት የማያልፍ ዕቅድ ተጠባባቂ ያስፈልገዋል።

*ጉዳት።* በጉልበት፣ በቁርጭምጭሚትና በወገብ ላይ የሚመጣው ጫና፣ በተለይ ለዓመታት ቁጭ ብሎ ለሠራ ሰው።

*አቋርጦ መመለስ።* ሁለት ሳምንት ቢቀሩ መመለሱ ስልክ መደወል፣ እንደገና መክፈል ወይም ማፈር ይጠይቃል? ወይስ ጫማ ማሰር ብቻ?

ጂም

የጂም ትልቁ ጥቅም መስታወቱ ወይም ሙዚቃው አይደለም። ክብደትን በትንሽ በትንሹ መጨመር መቻሉ ነው፤ ዛሬ 20 ኪሎ፣ በሁለት ሳምንት 22.5። ጡንቻና አጥንት የሚጠነክሩት ጫናው ቀስ በቀስ ሲጨምር ስለሆነ በዚህ የሚወዳደረው የለም። ጣሪያም አለው፤ ሐምሌ አያስፈራውም።

የሚያስጥለው ግን ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ርቀት ነው፤ ከቤት ወደ ሥራ በሚወስደው መስመር ላይ ያልሆነ ጂም፣ ዕቃው ምንም ያህል ቢያምር፣ ይተዋል። ሁለተኛው የሰዓት መጨናነቅ ነው። ለመጎብኘት ሲሄዱ በቀን 8 ሰዓት አይሂዱ፤ ወደፊት በሚመጡበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሄደው አንድ ቤንች (ተኝተው ክብደት የሚገፉበት አግዳሚ) ለማግኘት ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ ይዩ። ውሃው መኖሩን፣ ለሴቶች የተለየ ሰዓት መኖሩን፣ በጾም ወይም በጉዞ ምክንያት ክፍያ ማስቆየት መቻሉን ያን ጊዜ ይጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ትሬድሚል ይቆማል፣ ክብደት ግን አይቆምም፤ ጄኔሬተር የሌለው ጂም ክብደት ለሚያነሳ ብዙም አይጎዳም።

ሦስተኛው ፕሮግራሙ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ አሰልጣኞች ጀማሪውን ይበድሉታል። ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ እግር እያለ የሚከፋፍለው አሠራር በሳምንት 5 ቀን ለሚመጣ ነው። ሁለት ቀን የቀረ ሰው እግሩን ለሁለት ሳምንት ሳይነካው ያልፋል። ለሥራ ሰው የሚሻለው በመጣበት ቀን ሁሉ ሙሉ ሰውነቱን ማሠራት ነው፦ አንድ ስኳት (ቁጢጥ እያሉ መነሳት)፣ አንድ የመግፋት ሥራ (ቤንች ወይም ፑሽ አፕ)፣ አንድ ወደ ራስ የመሳብ፣ አንድ ከወገብ ጎንበስ ብሎ የማንሳት፣ አንድ የሆድ። እያንዳንዱ 3 ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ፤ «ሁለት ጊዜ ልጨምር እችል ነበር» በሚሉበት ላይ ማቆም። 45 ደቂቃ ይበቃዋል፣ በሳምንት 2 ቀን የጡንቻውን ግብ ይመታል።

የመጀመሪያው ቀን ልክን ያለማወቅም አለ። የጡንቻ ሕመም የሚበረታው ከሠሩ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አሰልጣኙ ጉልበቱን ለማሳየት አንድ መቶ ስኳት ካሠራዎት በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅትዎታል፣ ከዚያም መመለሱ ያስጠላል። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት በ2 ዙር ብቻ ይሥሩ።

ክፍያ፦ የስድስት ወር ቅናሽ የሚጠቅመው ከመጡ ነው። መጀመሪያ የአንድ ወር ብቻ ይክፈሉ፣ የመጡበትን ቀን በስልክዎ ይመዝግቡ፣ በወሩ ከ8 ቀን በታች ከሆነ ረጅሙን አይክፈሉ።

ሩጫ

በጊዜ ቁጠባ ሩጫን የሚያህል የለም፦ 75 ደቂቃ በሳምንት፣ ማለትም 25 ደቂቃ በ3 ቀን፣ የልቡን ክፍል ይሸፍናል። ብዙ ሰው የሚያጣውም እዚሁ ነው፣ ምክንያቱም በፍጥነት ይጀምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ እስትንፋስ ቶሎ ያጥራል። ታዋቂ ሯጮቻችንን በቴሌቪዥን የምናያቸው በውድድር ቀን ስለሆነ የልምምድ ቀናቸውም እንዲያ ይመስለናል። እውነታው ሌላ ነው፦ በቀላል ቀናቸው ጫካ ውስጥ ተከታትለው፣ እያወሩ፣ በዝግታ ይሮጣሉ።

ለጀማሪ የሚሠራው እየሮጡ መራመድ ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከላቸው ዕረፍት እየሰጡ፦

1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ጊዜ።
3ኛና 4ኛ፦ 2 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 6 ጊዜ።
5ኛና 6ኛ፦ 4 ደቂቃ ሩጫ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ 5 ጊዜ።
7ኛና 8ኛ፦ 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ 3 ጊዜ።

አንድ ሳምንት ከከበደ ይድገሙት። ሳንባ ከአጥንትና ከጅማት ቀድሞ ስለሚለምድ አምስተኛው ሳምንት ላይ «ቻልኩት» ብሎ እጥፍ መሮጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ውጤቱ በቅልጥሙ ውስጠኛ በኩል የሚሰማ ሕመም ነው። እሱ ሲመጣ ሩጫውን አቁመው ሳይታመሙ መራመድ እስኪችሉ ይራመዱ። ሯጮች አስፋልት፣ ኮረኮንችና ጫካ እያፈራረቁ የሚሮጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እርስዎም አስፋልቱን በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ባያደርጉት ይሻላል። ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። የሳልቫጅ ስኒከር ሲገዙ ሶሉን በሁለት እጅ አጥፈው ይሞክሩ፤ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ወይም በአንድ በኩል የተበላ ከሆነ ይተዉት።

የሩጫ ጠላት ጨለማና ዝናብ ነው። በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ 11 ሰዓት ላይ ብቻውን የሚሮጥ ሰው፣ በተለይ ሴት፣ ከመኪናውም ከውሻውም ከሰውም መጠንቀቅ አለባት። የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ሰው ስለማይጠፋባቸው ለብቸኛ ሯጭ ይሻላሉ። እንጦጦ ውብ ነው፣ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነና መጓጓዣ ስለሚጠይቅ የቅዳሜ እንጂ የሥራ ቀን ቦታ አይሆንም።

ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደውን የታላቁ ሩጫ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ግብ ማድረግ ጥሩ ነው፤ የተቆረጠ ቀን ያለው ሰው ይለማመዳል። ችግሩ ማግስቱ ነው። ቲሸርቱ ከተሰቀለ በኋላ እስከ ቀጣዩ ዓመት የሚያርፍ ብዙ ስለሆነ፣ ለዚያ ሲመዘገቡ ከውድድሩ በኋላ ባለው ማክሰኞ የሚያደርጉትን 20 ደቂቃም አብረው ይወስኑ።

ዎክ

ይናቃል፣ ግን በመጥፎው ሳምንት መለኪያ የሚያሸንፈው እሱ ነው። ልብስ መቀየር አይጠይቅም፣ ከጉዞ ጋር ይጣመራል። ጠዋትና ማታ ከታክሲ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቀድመው ቢወርዱ በየጉዞው 20 ደቂቃ ያህል ይሄዳሉ፤ በ5 የሥራ ቀን 200 ደቂቃ ነው። ያለ ተጨማሪ ሰዓት የልቡ ግብ ተሟላ፤ ታክሲው በተጨናነቀበት ሰዓት ደግሞ ምናልባትም ቀድመው ይደርሳሉ።

ቅድመ ሁኔታው ፍጥነቱ ነው፦ በደቂቃ 100 እርምጃ ገደማ። አንድ ደቂቃ ሰዓት ይዘው ይቁጠሩት። ሱቅ እያዩ መንሸራሸር ይህን አይደርስም። ለሥራ የሚለብሱትን ጫማ በቦርሳ ይያዙ፤ ጥቁር ቆዳ ጫማ ተረከዝ ያቆስላል፣ ቁስሉ ደግሞ ሳምንቱን ያበላሻል። ዋና አውራ ጎዳና ዳር ያለውን የጭስ መንገድ ትተው የውስጥ ለውስጡን ይምረጡ። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ለላይኛው አካል ጡንቻ የሚጨምረው የለም። ብቻውን አይበቃም።

ቤት ውስጥ

ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ቦታ፣ አንድ ወንበርና አንድ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ጀሪካን በትክክል የሚስተካከል ክብደት ነው፤ ዱምቤል ከመግዛትዎ በፊት ይሞክሩት። በሳምንት 3 ቀን፣ 25 ደቂቃ፦

ስኳት፣ ጀሪካኑን በደረት አቅፎ፤ ለጉልበት ሕመምተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሳት። ፑሽ አፕ፣ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ፣ ከዚያ መሬት። አንድ እጅ ወንበር ላይ ተደግፎ በሌላው ጀሪካኑን ወደ ጎን አጥንት መሳብ። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳት። ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ከ20 እስከ 40 ሰከንድ። አምስቱ አንድ ዙር ናቸው፤ 3 ዙር ይሥሩ፣ በእያንዳንዱ ከ8 እስከ 12 ጊዜ። በሁለት ተከታታይ ቀን ሦስቱንም ዙር 12 ካደረሱ አንድ ሊትር ይጨምሩ። ክዳኑን ማጥበቅ አይርሱ።

ይህ መጨመር ካልተደረገ ቤት ውስጥ መሥራት በሁለት ወር ያሰለቻል፤ ሰውነቱ የለመደውን 20 ፑሽ አፕ ዓመቱን ሙሉ ቢደግመው ለውጥ የለም። ሌላው መሰናክል ሰዓት አለመቆረጡ ነው። ጂም ሲሄዱ ቤተሰብ «ወጥቷል» ይላል፤ ሳሎን ውስጥ ሲሠሩ ግን ስልኩም ልጁም እንግዳውም ይመጣል። «ማታ እሠራለሁ» ከማለት ይልቅ ሁልጊዜ ከሚደረግ ነገር ጋር ይጠምዱት፦ ልጆቹን ትምህርት ቤት እንዳደረሱ፣ ከጠዋት ጸሎት እንደተነሱ፣ ቡናው እሳት ላይ እንደተጣደ።

ገመድ ዝላይ በጥቂት ደቂቃ ልብን ያነሳል፣ ነገር ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከታች ያለው ጎረቤት ሦስት ቀን አይታገሥም፤ ከባድ ሰውነትና ደካማ ጉልበት ላለውም አይመከርም። ያንኑ ሕንጻ ደረጃ ለ10 ደቂቃ መውጣትና መውረድ ይተካዋል። ጉልበትን የሚጎዳው መውረዱ ስለሆነ በዝግታ፣ ብረቱን ይዘው ይውረዱ።

ቡድን

ኤሮቢክስ ክፍል፣ የሰፈር ኳስ፣ የእሑድ ጉዞ፤ የሚያስቀጥለው ሰው ሲቀር የሚደውልለት መኖሩ ነው። ድክመቱም እሱው፦ አስተባባሪው አንድ ብቻ ከሆነ እሱ አገር ሲለቅ ቡድኑ ይበተናል። ሁለት አስተባባሪ፣ የማይለወጥ ሰዓትና እንደ ዕቁብ የቀረ ሰው የሚከፍላት ትንሽ መቀጫ ቢኖር ይቆያል።

ሳምንቱን ቁጭ ብሎ ውሎ እሑድ 90 ደቂቃ ኳስ መጫወት፣ በተለይ ከ35 ዓመት በኋላ፣ የተረከዝ ጅማትንና የኋላ ጭንን ሊበጥስ ይችላል። በመሐል ቢያንስ አንድ ቀን መሮጥ ወይም ስኳት መሥራት፣ ጨዋታው ሳይጀመር 10 ደቂቃ ማሟሟቅ የግድ ነው። ቁርጭምጭሚት ወለም ካለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አያስታሹት፤ ወጌሻው ምንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን መታሸት እብጠቱን ያባብሰዋል። መርገጥ ካቃተዎት ራጅ ይነሱ።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ከበር እስከ በር | ወጪ | ለልብና ሳንባ | ለጡንቻ | ዋናው አቋራጭ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጂም | 75–120 ደቂቃ | ከፍተኛ | ጥሩ | እጅግ ጥሩ | ርቀት፣ መጨናነቅ |
| ሩጫ | 35–50 ደቂቃ | ጫማ | እጅግ ጥሩ | ለእግር ብቻ | ዝናብ፣ ጨለማ፣ ጉዳት |
| ዎክ | ከጉዞ ጋር ይጣመራል | የለም ማለት ይቻላል | ጥሩ | ደካማ | ኃይለኛ ዝናብ |
| ቤት | 25–30 ደቂቃ | የለም ማለት ይቻላል | መካከለኛ | ጥሩ | መሰልቸት፣ ሰዓት አለመቁረጥ |
| ቡድን | 90–150 ደቂቃ | ትንሽ | ጥሩ | መካከለኛ | የሌሎች መቅረት |

ለማን የትኛው?

ከሠንጠረዡ እንደሚታየው አንዱ ብቻውን ሁሉንም አይሞላም። አብዛኛውን የቢሮ ሠራተኛ የሚያዋጣው በሥራ ቀን ዎክ፣ በዚያ ላይ 2 ቀን የቤት ወይም የጂም ክብደት ነው። ጂሙን የሚመርጡት በመንገድዎ ላይ ከሆነና በወር 8 ቀን መድረስዎን ካረጋገጡ ነው። ገንዘብ የሌለው ተማሪ በሩጫና በጀሪካኑ ምንም አይቀርበትም። ሕፃን ልጅ ላላት እናት 25 ደቂቃውን በሁለት ከፍሎ መሥራት ያው ነው፤ ጠዋት 12፣ ማታ 13 ደቂቃ። ብቻውን ሞክሮ ደጋግሞ የተወ ሰው ወደ ቡድን ይሂድ፤ ፕሮግራም ሳይሆን ሰው ነው የጎደለው።

የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለበት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ከዎክ ይጀምር። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከመውጣቱ በፊት ስኳሩን ይለካ፣ ከረሜላ ኪሱ ይያዝ። ደረት ላይ ሕመም ወይም ራስን መሳት ካለ ስፖርቱ ቆሞ ሕክምና ይቅደም።

የሚጾሙ ሰዎች ስፖርቱን አይተዉ፣ ሰዓቱን ይቀይሩት። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ቀላል ዎክ ብቻ ያድርግ፣ ክብደቱን ከበላ ሁለት ሰዓት በኋላ። በረመዳን ከአፍጥር በኋላ መሥራት ውሃውንም ይፈታል። ጡንቻ በሳምንት አንዴ በተለመደው ክብደት ከተሠራ ለሁለት ወር ያህል ሳይደክም ስለሚቆይ ዙሩን ቀንሶ ክብደቱን አለመቀነስ ይሻላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ ከእንጀራው በዛ ይበሉ።

በውጭ ያሉ ወገኖችም ጠላታቸው ይለያያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሙቀቱ ወራት ቀን ውጭ መሮጥ አደገኛ ነው፤ ሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ እህት የጀሪካኑ ፕሮግራም በክፍሏ ውስጥ ይሆናል። አሜሪካ ያለ ሰው ውሉ በራሱ እየታደሰ ከካርዱ እንዳይቆርጥ መሰረዣውን ከመፈረሙ በፊት ያንብብ። ስዊድንና ኖርዌይ ያለው ለብርዱ ወራት ጨለማ የቤት ውስጥ ተጠባባቂ ያዘጋጅ።

ሲቋረጥ

መቋረጡ አይቀርም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው እንዳገኙት አዲስ ልማድ ራሱን እስኪችል መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን አላበላሸውም። በ21 ቀን ይለመዳል የሚለውን አምኖ በ22ኛው ቀን አሁንም የከበደው ሰው እንግዲህ ችግሩ የእሱ አይደለም።

ለመጥፎው ሳምንት አስቀድሞ የተወሰነ ትንሹ ልክ ይኑርዎት፦ አንድ ዙር የቤት ሥራ ወይም 10 ደቂቃ ዎክ። ያችን ከሠሩ ሳምንቱ እንደተሠራ ይቆጠራል። አንድ ሳምንት ሙሉ ከቀሩ ካቆሙበት ይቀጥሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከሆነ ከለመዱት ክብደትና ደቂቃ ሲሶውን ቀንሰው ይጀምሩ። ከወር ካለፈ በግማሹ ይመለሱና በሁለት ሳምንት ውስጥ ያድሱት፤ ሯጩም ከሩጫው የሳምንታት ዝርዝር ሁለት ደረጃ ወርዶ ይጀምር። በትኩሳት ከታመሙ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ጨምረው፣ በዎክ ይመለሱ።